ማክሰኞ ማታ የት እንደምንሄድ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ይህን ንግግር እንድናደርግ የጠየቁን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በዓመቱ የሒሳብ ሪፖርት ላይ «የማክሰኞ ቡድን» የሚል መስመር ያዩ አንድ ደጋፊያችን ምንነቱን ጠይቀዋል። ሁለተኛ፣ እኛ ስድስታችን ማክሰኞ ማታ የት እንደምንሰወር በአባላት ዘንድ ወሬው በዝቷል። ጭፈራ ቤት ነው የሚሄዱት መባሉም ደርሶናል። የማታ ኮርስ ጀምረዋል ያሉም አሉ፤ እነሱን እግዜር ይስጣቸው።

የገንዘቡን ነገር አስቀድመን እንጨርስ። ከመካከላችን አንዷ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነች ይህ ሳይጠራ ወደ ሌላ ጨዋታ መግባት አይሆንላትም። ከማኅበሩ ካዝና አንዲት ሳንቲም አልወጣችም። የማኅበሩን ሚኒቫን ስለምንዋስ ቤንዚኑን ከኪሳችን ሞልተን ደረሰኙን እናስገባለን፤ በሪፖርቱ ላይ ገቢውና ወጪው እኩል ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው። ለመግቢያ በየሳምንቱ 10 ዶላር እናዋጣለን። የተረፈው ልጆቻችንን ለምትጠብቅልን ልጅ ይሰጣል። መዝገቡ በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ማየት የፈለገ ይመልከት።

አሁን ወደ ጉዳዩ። የምንሄደው ጃዝ ለመስማት ነው። ጃዝ ስንል ሆቴል ውስጥ ከእራት ጋር የሚቀርበውን ለስላሳ ዜማ ማለታችን አይደለም። አቫንጋርድ የሚሉት፣ ተጫዋቾቹ መድረክ ላይ ወጥተው አብዛኛውን እዚያው፣ እኛው ፊት የሚፈጥሩት ነው። አንዳንድ ማታ ኖታ የሚባል ነገር ከነጭራሹ አይታይም። ምን ሊጫወቱ እንደሆነ እነሱም አያውቁትም።

የተጀመረው በሥራ ምክንያት ነው። እንደምታውቁት ብዙዎቻችን የምንሠራው አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። ከመካከላችን አንዷ ትንከባከባቸው የነበሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ፖስታ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ በወጣትነታቸው ግን እዚሁ ቺካጎ፣ ሳውዝ ሳይድ ውስጥ ከበሮ ይመቱ የነበሩ ሰው ናቸው። እግራቸው ከከዳቸው በኋላ የሚለምኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማታ ወደ ሙዚቃ ይወስዷቸው ዘንድ። ልጃቸው ፈቀደች፤ ሰዓቱም በሥራ ሰዓት ተቆጠረ። እህታችን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ወሰደቻቸው።

ስትመለስ የነገረችንን አንረሳውም። «አንዱ በጥሩንባ ውስጥ ይተነፍሳል እንጂ አይነፋም። አንዷ ፒያኖውን ከፍታ ሆዱ ውስጥ እጇን ከታ አውታሩን ትቧጥጣለች። ከበሮ መቺው ያን የናስ ሳህን በማሲንቆ ደጋን ዓይነት ይገዘግዘዋል። አብደዋል ብዬ ወጥቼ ልሄድ ስል ሽማግሌው እያለቀሱ ነው።» ሰውየው ታመው ነው ብላ ደነገጠች። እሳቸው ግን እጇን ይዘው፣ እስኪያልቅ ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩም።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ሆነን ሄድን፤ ለማገዝ ነበር፤ ተሽከርካሪ ወንበሩ በረዶ ላይ አልገፋ ብሎ ነው። በወሩ አራት ሆንን። አዛውንቱ ካረፉ ይኸው ሦስተኛ ዓመት ያዝን፤ እኛ ግን መሄዳችንን አልተውንም።

እውነቱን እንናገር፤ መጀመሪያ አንዳችንም አልወደድነውም። ጆሯችን ዜማውን ሲፈልግ፣ ዜማው ሲሸሸው፣ መጨረሻ ላይ ራስ ምታት ይዘን ነበር የምንመለሰው። የተለወጠው አዛውንቱ አንድ ማታ በሰጡን ምክር ነው። «ሙዚቃውን አትስሙ፤ ሲሰማሙ እዩአቸው» አሉን። ከዚያ ወዲያ ዓይናችን ተከፈተ ማለት ይቻላል። ባስ የምትጫወተው ልጅ ጭንቅላቷን ወደ ከበሮው ታዞራለች፤ ከበሮ መቺው እጁን ያነሳና አይመታም፤ ይጠብቃታል። ሳክስፎኑ ገብቶ ሊናገር ይልና ቦታ የለም ብሎ ይመለሳል። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያን ስሕተት ይደግመዋል፤ ሲደጋገም ስሕተት መሆኑ ይቀራል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ማቆማቸው ደግሞ እስካሁን ያስገርመናል። ማን ምልክት እንደሰጠ አናይም። እንዴት አወቃችሁ ብለን አንዷን ብንጠይቃት፣ ሲያልቅ ይታወቃል እንጂ አይነገርም አለችን።

ይህን በቅጂ መስማት ይቻላል፤ እኛም ሞክረናል። ቤት ውስጥ፣ ሽንኩርት እየከተፉ፣ አይሆንም። ቦታው ሲኖሩ፣ ትንሿ አዳራሽ ውስጥ ሦስት ክንድ ርቀት ተቀምጠው፣ ሰውየው ሲተነፍስ ሲያዩ ነው ነገሩ። ይኸኛው ነገ አይደገምም፤ ዛሬ ያልሰማ አመለጠው። በዌስተርን ጎዳና ወደምትገኘው ኮንስቴሌሽን ወደሚሏት አዳራሽ፣ በቤልሞንት ወዳለው ሃንግሪ ብሬይንም እንሄዳለን። ገንዘብ በቸገረ ጊዜ ደግሞ በሌበር ዴይ ሰሞን በሚሌኒየም ፓርክ የሚካሄደው የቺካጎ ጃዝ ፌስቲቫል አለ፤ እሱ በነጻ ነው፤ ልጆችም ይዞ መሄድ ይቻላል።

አንድ ማክሰኞ ሒሳብ ሠራተኛዋ ታዳሚውን ቆጠረች። 23 ሰው ነው። መግቢያው 15 ዶላር፤ ያ 345 ዶላር ነው። መድረክ ላይ አራት ሰዎች አሉ። አዳራሹ ድርሻውን ሳይወስድ እንኳ ለአንዱ 86 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይደርሰዋል። ከአራቱ አንዱ ባሱን ተሸክሞ ከሌላ ከተማ በመኪና የመጣ ነው። ይኼ ሥራ ከሥራ ይቆጠራል? ብላ ሌሊቱን ስታሰላስል አደረች። እኛ ደግሞ፣ የእኛስ ማኅበር በዚህ ስሌት ቢሆን ኖሮ ይቋቋም ነበር ወይ? አልናት።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሌላ ማኅበር እንንገራችሁ፤ ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠራው። 1965 ዓመተ ምሕረት፣ ሳውዝ ሳይድ ውስጥ፣ ጥቁር ሙዚቀኞች የሚሠሩባቸው ቤቶች እየተዘጉ፣ የራሱን ድርሰት መጫወት የፈለገ ሙዚቀኛ ቦታ እያጣ በነበረበት ሰዓት፣ አራት ሰዎች ለጓደኞቻቸው የስብሰባ ጥሪ ላኩ። ሁለቱ ፒያኖ ተጫዋቾች ናቸው፤ ሙሀል ሪቻርድ አብራምስና ጆዲ ክርስቲያን። አንዱ ከበሮ መቺው ስቲቭ ማኮል፣ አንዱ ደግሞ ትራምፔት ተጫዋቹ ፊል ኮራን። የፈጠራ ሙዚቀኞችን ለማሳደግ የቆመ ማኅበር መሠረቱ፤ ኤኤሲኤም ይባላል፤ ዛሬም አለ።

ሙዚቀኞች ሰብሰብ ብለው ባንድ ማቋቋማቸው አያስገርምም። እኛን የገረመን አሠራራቸው ነው። መተዳደሪያ ደንብ አወጡ። ዘጠኝ ዓላማ ጻፉ። መዋጮ አዋጡ። በዚያው ዓመት ትርፍ የማያገኝ ድርጅት ሆነው በኢሊኖይ ተመዘገቡ። አዳራሽ መከራየቱን፣ ማስታወቂያ መለጠፉን፣ በር ላይ ቆሞ ገንዘብ መቀበሉን ለሌላ ሰው አልተዉም። ለሰፈሩ ልጆች በነጻ ሙዚቃ ማስተማርን ከዓላማቸው አንዱ አድርገው ጻፉት፤ ቅዳሜ ቅዳሜም አስተማሩ። እኛም ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችንን አማርኛ የምናስተምርበትን ክፍል ለማግኘት ስንት ደጅ እንደጠናን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

ታሪካቸውን በመጽሐፍ የጻፈው ራሱ አባል የሆነው ትሮምቦን ተጫዋቹ ጆርጅ ሉዊስ ነው፤ በ2008 የወጣ ወፍራም መጽሐፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ብዙ ያከራከራቸው ነገር «የራስ ሙዚቃ» ማለት ምን ማለት ነው የሚለው ነበር። በማኅበሩ ስም በሚዘጋጅ መድረክ ላይ የሚቀርበው የአባላት የራሳቸው ሥራ ይሁን ነው ሐሳቡ። ታዲያ እስከ ዛሬ የለመድነውንና እንጀራ የሚያበላንን ዘፈን ልንተው ነው ወይ ያሉ ነበሩ። ቃለ ጉባኤ ይዞ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ የእኛም የመጀመሪያ ስብሰባ በእንዲህ ዓይነት ክርክር እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር።

ከዚያ ማኅበር የወጡት ሰዎች ብዙ ናቸው። የቺካጎው አርት አንሳምብል በ1969 ወደ ፓሪስ ተሻግሮ ፊቱን ቀለም የተቀባ፣ ደወሉን፣ ፊሽካውን፣ የቆርቆሮ ጡሩንባውን ሁሉ ከትልልቁ መሣሪያ ጋር ደባልቆ የሚጫወት ባንድ ሆኖ ታወቀ። ትራምፔት ተጫዋቹ ሌስተር ቦዊ መድረክ ላይ የሚወጣው የሐኪም ነጭ ጋዋን ለብሶ ነበር። ሄንሪ ትሬድጊል በ2016 የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘበት ሥራ ርዕሱ በሳንቲም የገባ በሙሉ ገንዘቡ ይግባ እንደ ማለት ነው፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ ይህን ስትሰማ በጣም ደስ አላት። ሴቶቹንም እንጥቀስ። አሚና ክሎዲን ማየርስ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ያደገች የአርካንሶ ልጅ ናት፤ ቺካጎ መጥታ አስተማሪ ሳለች ማኅበሩን ተቀላቀለች፤ ፒያኖና ኦርጋን ትጫወታለች፤ ትዘፍናለችም። ዋሽንት የምትጫወተው ኒኮል ሚቸል ደግሞ ማኅበሩን በመሪነት የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከ1965 እስከ እሷ ድረስ ስንት ዓመት እንደሆነ መቁጠሩን ለእናንተ እንተወዋለን።

ፍሬድ አንደርሰን ላይ ግን አልደረስንም። ሳክስፎን ተጫዋች ነበር፤ ኑሮውን ለመደጎም ምንጣፍ ያነጥፍ ነበር፤ ኋላ ቬልቬት ላውንጅ የሚባለውን መጠጥ ቤት ይዞ፣ ራሱ መጠጥ እየቀዳ፣ ለወጣቶች መድረክ ሲሰጥ ኖሮ በ2010 ዐረፈ። አዛውንታችን ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። እንደ ቤታቸው ይገቡ ይወጡ ነበርና።

አሁን አንዳንዶቻችሁ፣ ይህ ሁሉ የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ነው፤ እናንተ ምን አገባችሁ? ትሉ ይሆናል። በመጀመሪያ፣ እንግድነቱን አንክድም። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠን የምንሰማው የእነሱን ነው። ግን ደግሞ ነገሩ ለጆሯችን እንግዳ ይሁን እንጂ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው የራስን የመፍጠር ሕግ ያውቀዋል፤ ትናንት የተዘረፈ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ለዕለቱ አዲስ ነው የሚቀኙት። አዝማሪ ቤት ገብቶ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ የወረወረ ሰው፣ አዝማሪው ከአፉ ነጥቆ ማሲንቆው ላይ ሲያሳድረው አይቷል። ጌታቸው መኩሪያም አለ። ሽለላና ፉከራን ወደ ሳክስፎን ያመጣ፣ ጎፈር ደፍቶ መድረክ የሚወጣ ሰው ነበር። የፈረንጅ ጃዝ አዋቂዎች የእሱን ሸክላ ሲሰሙ ከአልበርት አይለር ጋር ነው የሚያመሳስሉት፤ እሱ ግን ከአይለር የቀዳው አልነበረም። በ2004 ዘ ኤክስ የሚባሉ የአምስተርዳም ልጆች ጋበዙት፤ በ2006 «ሞአ አንበሳ» የተባለውን አልበም አብረው አወጡ። የእነሱ ጊታር እንደ መጋዝ ነው፤ እሱ በዚያ ላይ ይሸልላል። በ2016 እስኪያርፍ ድረስ ዓመታት አብረዋቸው ዞረዋል። ያንን አልበም ሚኒቫኗ ውስጥ ስናሰማ መንገዱ ያጥራል፤ ሾፌራችን ግን ፍጥነት ስለምትጨምር ከልክለናታል።

የሁሉም እናት ግን አልቃሽ ናት እንላለን። ለቅሶ ቤት ቆማ የምታወጣውን ግጥም ማን ጻፈላት? ሟቹን ታውቃለች፤ ቤቱን ታያለች፤ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ታያለች፤ እዚያው ትገጥማለች። ለቀስተኛው ይቀበላታል። ድምፅዋ ሲሰበር ሌላዋ ታነሳላታለች።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአባሎቻችን አንዷ፣ ፈቅዳልን ነው የምንናገረው፣ እናቷ አገር ቤት ዐረፉባት። የጥገኝነት ጉዳይዋ ገና ስላልተወሰነ ከአገር መውጣት አትችልም፤ ከወጣች መመለሻ የላትም። ቀብሩን በስልክ አየች። እኛ አፓርታማዋ ተሰብስበን ለቅሶ ተቀመጥን። በመጀመሪያው ማታ፣ ገና ማልቀስ ስትጀምር፣ በር ተንኳኳ። የሕንፃው ተቆጣጣሪ ነው፤ ጎረቤት በጩኸት ከሷል፤ ዝም ካላላችሁ ፖሊስ ይጠራል አለን። ዝም አልን። ሦስቱን ቀን በሹክሹክታ አለቀስን፤ ቡና እያፈላን፣ እጃችንን አፋችን ላይ አድርገን። ከዚያ በኋላ እሷ ማልቀሱን ጨርሳ ተወችው። ሥራዋን ትሠራለች፤ ማኅበር አትመጣም፤ ስልክ አታነሳም። አርባው አለፈ፤ ሰማንያውም አለፈ።

አንድ ማክሰኞ፣ ልብስሽን ልበሺ ብለን ሚኒቫኗን በሯ ላይ አቆምን። ወዴት እንደሆነ አልነገርናትም። ያን ማታ መድረኩ ላይ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ባስ በደጋን ትጫወታለች፤ አንዷ ያለ ቃል ታዜማለች። ቃል የለውም፤ ድምፅ ብቻ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል እንደቆየ፣ እህታችን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ስትከት አየናት። ቀጥሎ ከደረቷ የወጣው ድምፅ አዳራሹን ሞላው። እኛ ደነገጥን፤ ይዘናት ልንወጣ ተነሳን። የምታዜመው ሴትዮ አላቆመችም። ዓይኗን ጨፍና ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና ያንኑ የእህታችንን ድምፅ ያዘችው፤ ባሱም ከሥር መጣ። እህታችን «እናቴ» አለች። ሴትዮዋ ቃሉን ሳትናገር ዜማውን ብቻ መለሰችላት። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አናውቅም። ማንም ዞሮ አላያትም። ሲያልቅ ማንም አላጨበጨበም። ከዚያ ዘፋኟ ከመድረክ ወርዳ በብርጭቆ ውሃ አመጣችላት፤ ምን ሆነሽ ነው ብላ አልጠየቀችም።

ተጽናናች፣ አለቀላት አንልም። ወረቀቷ እስከ ዛሬ አልመጣም። ግን በቀጣዩ እሑድ ማኅበር መጣች፤ ዳቦ ጋግራ።

በዚህ ነገር ተጣልተናልም። ያን ጊዜ ሰባት ነበርን። ታላቃችን፣ ዛሬ እዚህ ተቀምጣለች፣ ለእናት የሚለቀሰው በቤት ነው እንጂ መጠጥ በሚሸጥበት አዳራሽ፣ በማያውቋት ሰው ፊት አይደለም አለች። ለቅሶ የማኅበርተኛ ነው፤ ትኬት ከፍሎ የገባ ሰው ለቀስተኛ አይባልም አለች። መልስ ፈልገን ነበር። ቤት እንዳናለቅስ ተከልክለን ወዴት እንሂድ ብለናታል፤ እሷ ደግሞ፣ ያን ሰውዬ በሩ ላይ ስትፈሩት ነው እንጂ የከለከላችሁ ማንም የለም አለችን። ይህ ሁለተኛው አነጋገሯ ልክ ነው፤ አሁን ስናስበው ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ አብራን አትሄድም፤ ጤና አዳም የበዛበት ሻይ በፔርሙስ እያፈላች ግን ሚኒቫኗ ውስጥ ታስቀምጥልናለች።

ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል ብላችሁ እንዳትመጡ። ብዙውን ማታ ምንም አይሆንም። ተጫዋቾቹ ይተላለፋሉ፤ አንዱ ያለ ቦታው ይጮኻል፤ ሌሎቹ ይሰለቻሉ፤ እኛም ሰዓት እናያለን። ባለፈው የካቲት አንድ ሰው 40 ደቂቃ ሙሉ የፕላስቲክ ከረጢት አጠገባችን አንኮሻኮሸ፤ ከመካከላችን ሁለት ፈረቃ ሠርታ የመጣችው ተኛች፤ ቀሪዎቻችን ቀናንባት። የአቫንጋርድ ነገር እንዲህ ነው፤ እየፈለጉ መሆናቸውን እያዩ ነው የሚከፍሉት፤ ማግኘታቸው ዋስትና የለውም።

ለጠየቁን ደጋፊያችን፤ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ መስመሩ በሪፖርቱ ላይ «የማክሰኞ ቡድን፣ ቤንዚን፣ በአባላት የተከፈለ» ተብሎ እንዲጻፍ ሐሳብ አቅርበናል፤ ኮሚቴው ዛሬ ይወስንበታል። መምጣት ለምትፈልጉ፤ ሚኒቫኗ የምትነሳው ማክሰኞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከዚህ በር ላይ ነው፤ አንድ ወንበር ባዶ ነው። ከበድ ያለ ካፖርት ልበሱ፤ ማሞቂያው ተበላሽቷል፤ ማሠሪያውን ገና እያዋጣን ነው።